የምርጫ ክልል ካርታን አንብቦ ፍትሐዊነቱን እንዴት መመርመር ይቻላል?

በገጠር ድንበር የሚገፋ ሰው በሌሊት ችካል ነቅሎ ሁለት እርምጃ ወደ ጎረቤቱ ማሳ አስገብቶ ይተክላል። ባለመሬቱ ጠዋት ሲወጣ ትኩሱን አፈር አይቶ ይጮኻል፤ ሽማግሌ ይጠራል፤ ነገሩም በዚያው ሰሞን ይታያል። የምርጫ ክልል ድንበር ግን መሬት ላይ ችካል የለውም። ተገፍቶ ቢያድር የሚታይ ትኩስ አፈር የለም፤ ሰዎቹ ከቤታቸው ሳይነቃነቁ፣ ትናንት አብረዋቸው ይመርጡ የነበሩ ጎረቤቶቻቸው ዛሬ በሌላ ክልል ተመዝግበው ይገኛሉ። ስለ ምርጫ ስንከራከር ዓይናችን የሚያርፈው በድምፅ መስጫው ሳጥን፣ በታዛቢውና በጣቢያው በር ላይ በሚለጠፈው ውጤት ላይ ነው። አንድም ድምፅ ሳይሰረቅና ቆጠራው እስከ መጨረሻዋ ወረቀት ድረስ ትክክል ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ድምፅ ያገኘው ወገን በወንበር ሊያንስ እንደሚችል የምናስተውለው ጥቂቶች ነን።

ይህ መመሪያ የአንድን አካባቢ የምርጫ ክልል ካርታ በእጅ ይዞ ፍትሐዊ መሆን አለመሆኑን ለመመርመር ለሚፈልግ ሰው የተዘጋጀ ነው። ምሳሌዎቹን በአብዛኛው የወሰድኩት ከአሜሪካ ነው። ምክንያቱም አንደኛ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ የአሜሪካን ያህል በፍርድ ቤት መዝገብ የተጻፈ ታሪክ ያለው አገር ጥቂት ነው፤ ሁለተኛ፣ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በሚኒሶታና በዋሽንግተን ግዛት የሚኖሩ ብዙ አማርኛ ተናጋሪዎች ካርታው በቀጥታ የሚነካቸው መራጮች ናቸው። የአሜሪካ ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር የተጻፉ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የጠቀስኳቸውን «ዓ.ም.» ብዬ ለይቻለሁ።

በባቄላና በሽንብራ መለማመድ

ወደ እውነተኛ ካርታ ከመሄድዎ በፊት አሠራሩን በእጅዎ ይሞክሩት። በባለ ካሬ የሂሳብ ደብተር ላይ አምስት ረድፍና አምስት ዓምድ ያለው ሰሌዳ ያስምሩ። ከላይ ባሉት ሦስት ረድፎች፣ በ15ቱ ካሬዎች ላይ አንዳንድ ባቄላ ያስቀምጡ፤ ከታች ባሉት ሁለት ረድፎች፣ በ10ሩ ካሬዎች ላይ ደግሞ አንዳንድ ሽንብራ። እያንዳንዱ ፍሬ አንድ መራጭ ነው። ሥራዎ እነዚህን 25 መራጮች እኩል አምስት አምስት ሰው ወዳላቸው አምስት ክልሎች መክፈል ነው፤ በየክልሉ ብዙ ያለው ወገን ወንበሩን ይወስዳል።

በመጀመሪያ በረድፍ ይክፈሉት። ባቄላ ሦስት፣ ሽንብራ ሁለት ወንበር ያገኛል፤ ይህም ከመራጮቹ ብዛት ጋር ፍጹም ይመጣጠናል። ቀጥለው በዓምድ ይክፈሉት። አሁን በእያንዳንዱ ክልል ውስጥ ሦስት ባቄላና ሁለት ሽንብራ ስላለ ባቄላ አምስቱንም ወንበር ይጠቀልላል፤ ከመራጩ 40 በመቶ የሆነው ሽንብራ በምክር ቤቱ አንድም ተናጋሪ አይኖረውም። ሁለቱም ካርታዎች ቀጥ ባሉ፣ ለዓይን ደስ በሚሉ መስመሮች የተሠሩ መሆናቸውን ልብ ይበሉ።

ሦስተኛው አከፋፈል ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል። የላይኛውን ረድፍ ለብቻው ይከልሉት፤ አምስት ባቄላ ነው። ከዚያ ከግራው ዓምድ በሁለተኛው፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ረድፍ ያሉትን ካሬዎች ወስደው ከሁለተኛው ረድፍ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ካሬ ይጨምሩባቸው፤ አራት ባቄላና አንድ ሽንብራ ይሆናል። ሌላኛው ክልል ከታችኛው ግራ ጥግ ይነሣና አንድ ካሬ ወደ ቀኝ፣ ሁለት ካሬ ወደ ላይ፣ እንደገና አንድ ካሬ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። አራተኛው የቀኙን ዓምድ ከሁለተኛው ረድፍ እስከ ታች ይዞ ከታችኛው ረድፍ አንድ ካሬ ወደ ግራ ይጨምራል። የቀሩት አምስት ካሬዎች አምስተኛው ክልል ናቸው። አሁን ይቁጠሩ፤ በመጨረሻዎቹ ሦስት ክልሎች ሁለት ሁለት ባቄላና ሦስት ሦስት ሽንብራ አለ። ከመራጩ 60 በመቶ የሆነው ባቄላ በሁለት ወንበር ቀርቶ፣ 40 በመቶ የሆነው ሽንብራ ሦስት ወንበር ይዞ ምክር ቤቱን ይመራል። አንድም ፍሬ ከቦታው አልተነሣም።

በዚህ በሦስተኛው አከፋፈል ውስጥ ሁለት ዘዴዎች ተቀናጅተዋል። አንደኛው ማጨቅ ነው፤ የተቃራኒውን መራጭ በአንድ ወይም በሁለት ክልል ውስጥ አጭቆ፣ ከሚያስፈልገው በላይ በሆነ ድምፅ እንዲያሸንፍና ትርፉ እንዲባክን ማድረግ። የላይኛው ረድፍ ይህ ነው። ሁለተኛው መበተን ነው፤ የቀረውን መራጭ በብዙ ክልሎች ቀጫጭን አድርጎ አሠራጭቶ በየትኛውም ቦታ ለማሸነፍ ጥቂት እንዲጎድለው ማድረግ። የትኛውንም የተጠረጠረ ካርታ ሲከፍቱ በቅድሚያ የሚፈልጉት እነዚህን ሁለቱን ነው።

ማን ከየት ወደ የት ተወሰደ?

ብዙ ሰው ካርታ ሲመረምር የሚጀምረው ከቅርጹ ነው። እኔ ግን ከሰው ቁጥር ጀምሩ እላለሁ፤ ምክንያቱም የካርታ ሠሪው የመጀመሪያ ሰበብ የሕዝብ ብዛት ማመጣጠን ነውና።

ደንቡ በአጭሩ ይህ ነው። በአሜሪካ በየ10 ዓመቱ የሕዝብ ቆጠራ ከተካሄደ በኋላ ክልሎቹ እንደገና ይከለላሉ። እስከ 1960ዎቹ ድረስ ይህ በብዙ ግዛቶች አይፈጸምም ነበር፤ ቴኔሲ ከ1901 ጀምሮ የምክር ቤቶቿን ክልሎች ሳትከልስ ስድሳ ዓመት በመቆየቷ የጥቂት ገበሬዎች ድምፅ ከብዙ ከተሜዎች ድምፅ ይልቅ ይመዝን ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1962 ጉዳዩን ፍርድ ቤት ሊያየው ይችላል ብሎ ወሰነ፤ በ1964 ደግሞ ክልሎች በሕዝብ ብዛት እኩል መሆን አለባቸው የሚለውን መርህ አጸና። ዛሬ የኮንግረስ፣ ማለትም የፌዴራሉ ሕግ አውጪ ምክር ቤት፣ ክልሎች በአንድ ግዛት ውስጥ እስከ አንድ ሰው ልዩነት ድረስ እኩል እንዲሆኑ ይጠበቃል፤ የግዛት ምክር ቤት ክልሎች ግን እስከ 10 በመቶ የሚደርስ ልዩነት ሊኖራቸው ይችላል። ከ2020 ቆጠራ በኋላ የአንድ የኮንግረስ ክልል አማካይ ሕዝብ 761,169 ነው።

ስለዚህ የቀድሞውን ካርታና አዲሱን ጎን ለጎን አስቀምጠው አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ ቁጥሩን ለማመጣጠን ስንት ሰው መነሣት ነበረበት፣ በእውነትስ ስንት ሰው ተነሣ? የሜሪላንድ ስድስተኛ ክልል ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። ክልሉ በምዕራብ ሜሪላንድ ተራሮች ላይ የተመሠረተ፣ ለረጅም ጊዜ ሪፐብሊካኑን ሮስኮ ባርትሌትን የሚመርጥ ነበር። ከ2010 ቆጠራ በኋላ ከሚፈለገው በላይ የነበረው ሕዝብ 10,000 ገደማ ብቻ ነበር። ዲሞክራቶች የሚመሩት የግዛቱ መንግሥት ግን ወደ 360,000 የሚጠጋ ሰው አስወጥቶ 350,000 የሚሆን ሰው አስገባ። መስመሩ ከተራራው ወርዶ በሞንትጎመሪ ካውንቲ (ካውንቲ በግዛት ሥር ያለ የአስተዳደር አካባቢ ነው) ውስጥ እስከ ጀርመንታውንና ጌይዘርስበርግ ድረስ ገባ፤ የተመዘገቡት ሪፐብሊካኖች በ66,000 አነሱ፣ ዲሞክራቶች በ24,000 ጨመሩ። በ2010 ምርጫ በሰፊ ልዩነት ያሸነፈው ባርትሌት በ2012 በሰፊ ልዩነት ተሸነፈ። ከስምንቱ የሜሪላንድ የኮንግረስ ወንበሮች ሰባቱ በዲሞክራቶች እጅ ገቡ። እዚያ አካባቢ ለሚኖረው ወገናችን፣ ካርታው ደስ ያሰኘውም ይሁን ያሳዘነው፣ ነገሩ በደጁ የተፈጸመ ነው። 10,000 ሰው ለማስተካከል 360,000 ሰው ሲነሣ፣ ቁጥር ማመጣጠን ሰበብ እንጂ ምክንያት አይደለም።

በዚሁ ዘመን በሰሜን ካሮላይና ሪፐብሊካኖች ተመሳሳዩን በተቃራኒው አቅጣጫ አደረጉ። በ2016 ካርታውን የመሩት የምክር ቤት አባል ዓላማቸውን አልደበቁም፤ ለሪፐብሊካን 10፣ ለዲሞክራት 3 ወንበር የሚያስገኝ ካርታ እንዲሠራ የሚያቀርቡት 11 ለ2 የሆነ መሥራት ይቻላል ብለው ስለማያምኑ መሆኑን በስብሰባ ላይ ተናገሩ። ውጤቱም በመጀመሪያው ምርጫ በ53 በመቶ ድምፅ ልክ 10 ወንበር ሆነ። የመበተንን ዘዴ በቅርብ ማየት ለሚፈልግ ሰው በግሪንስቦሮ ከተማ የሚገኘውን የኖርዝ ካሮላይና ኤ ኤንድ ቲ ዩኒቨርሲቲ ማየት ይበቃል። በአገሪቱ ካሉት የጥቁሮች ታሪካዊ ዩኒቨርሲቲዎች በተማሪ ብዛት ትልቁ የሆነው ይህ ተቋም፣ ግቢውን አቋርጦ በሚያልፈው ሎሬል ጎዳና ላይ መስመር ተሰምሮበት ለሁለት የኮንግረስ ክልሎች ተከፈለ። የመኝታ ሕንፃውን ጎዳናውን ተሻግሮ የቀየረ ተማሪ የኮንግረስ ክልሉንም ቀየረ ማለት ነው።

በሰው ቁጥር ረገድ ሁለት ነገሮች ደግሞ አይዘንጉ። አንደኛ፣ የሚቆጠረው ዜጋ ወይም መራጭ ብቻ ሳይሆን ነዋሪ ሁሉ ነው፤ ግሪን ካርድ የያዘም፣ ሕፃንም በክልሉ ሕዝብ ውስጥ ይገባል። በ2016 ከቴክሳስ የመጣ አንድ ክስ ይህን አሠራር ለማስቀየር ሞክሮ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አልተሳካለትም። ስለዚህ «እኔ አልመርጥም» ብሎ ከቆጠራ የሚሸሽ ሰው የሚያሳንሰው የሚመርጠውን ጎረቤቱን ነው። በ2020 ቅጽ ላይ በጥቁር ዘር ምድብ ሥር ምንጭን ለመጻፍ ከተሰጡት ምሳሌዎች አንዱ «ኢትዮጵያዊ» ነበር፤ ያንን ቦታ የሞላ ሰው በካርታ ሠሪው መረጃ ላይ ራሱን እንዲታይ አድርጓል። ሁለተኛ፣ እስረኛ የሚቆጠረው በታሰረበት ነው ወይስ ከመታሰሩ በፊት በነበረበት? በብዙ ቦታ በታሰረበት ስለሚቆጠር፣ ትልቅ ማረሚያ ቤት ያለበት ገጠር ድምፅ በማይሰጡ ሰዎች ቁጥሩ ያብጣል፤ ሜሪላንድ በ2010፣ ቨርጂኒያ በ2020 ይህን በሕግ ለውጠዋል።

ቅርጹን አይመኑ፤ ግን ይመልከቱት

የዚህ ነገር ስም ራሱ የመጣው ከቅርጽ ነው። በ1812 የማሳቹሴትስ ገዥ ኤልብሪጅ ጄሪ ለፓርቲያቸው የሚያደላ የሴኔት ክልል ካርታ ፈረሙ፤ በኤሴክስ ካውንቲ የተጠማዘዘውን ክልል አንድ የቦስተን ጋዜጣ ክንፍና ጥፍር ቀጥሎለት ሳላማንደር የተባለውን እንሽላሊት መሰል ፍጥረት አድርጎ ሣለው። ከገዥው ስምና ከእንስሳው ስም ጄሪማንደር የሚለው ቃል ተወለደ። ከዚያ ወዲህ በካርታ ላይ እንስሳ መፈለግ ልማድ ሆነ፤ የሜሪላንድን ሦስተኛ ክልል አንድ የፌዴራል ዳኛ ክንፉ ተሰብሮ በግዛቱ መሀል ከተዘረረ የጥንት በራሪ አውሬ ጋር አመሳስለውታል።

ጠማማ ቅርጽ መመርመር የሚገባው ምልክት ነው፤ በራሱ ግን ጥፋተኛ አያደርግም። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ለረጅም ጊዜ የቆየው የኢሊኖይ አራተኛ ክልል ለምሳሌ የጆሮ መሸፈኛ ይመስል ነበር፤ በቺካጎ የሚገኙ ሁለት ላቲኖ የሚበዙባቸው ሰፈሮች በቀጭን የአውራ ጎዳና ጅማት ተያይዘው አንድ ክልል ሆኑ። በመካከላቸው ያለው ሰፈር በዋናነት ጥቁሮች የሚኖሩበት ስለነበር፣ አንዱን ሕዝብ ተወካይ ለማስገኘት ሌላውን ላለመሰንጠቅ ሲባል የተሠራ አስቀያሚ ግን ምክንያት ያለው መስመር ነው። በተቃራኒው፣ በባቄላችን ጨዋታ ላይ እንዳየነው፣ ሽንብራን ያለ ወንበር ያስቀረው ካርታ እንከን የለሽ አራት ማዕዘን ነበር።

ቅርጽ ሙሉ ምስክር የሚሆንበት ጊዜም አለ። በ1957 የአላባማ ምክር ቤት የተስኬጊን ከተማ ወሰን ከአራት ማዕዘንነት ወደ 28 ጎን ቅርጽ ለወጠው። ወደ 400 ከሚጠጉት ጥቁር መራጮች ከአራት ወይም ከአምስት በቀር ሁሉም ከከተማው ውጭ ሆኑ፤ አንድም ነጭ መራጭ አልወጣም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1960 ካርታውን ተቃውሞ ከሳሾቹን ደገፈ። እዚያም ቢሆን የፈረደው የ28ቱ ጎን ብዛት ሳይሆን፣ የወጡትና የቀሩት ሰዎች ዝርዝር ነው።

የባከነውን ድምፅ መቁጠር

አሁን ወደ ምርጫ ውጤት ይሂዱ። በየክልሉ ለተሸናፊው የተሰጠ ድምፅ ሁሉ፣ እንዲሁም አሸናፊው ለማሸነፍ ከሚያስፈልገው በላይ ያገኘው ትርፍ፣ የባከነ ድምፅ ይባላል። የሁለቱን ወገኖች የባከነ ድምፅ ለየብቻ ደምረው ልዩነቱን ለጠቅላላው ድምፅ ያካፍሉ። ኒኮላስ ስቴፋኖፑሎስ የተባሉ የሕግ ምሁርና ኤሪክ ማጊ የተባሉ የፖለቲካ ተመራማሪ ያስተዋወቁት መለኪያ ነው፤ ለማሳለጥ ሲባል እኔ ማሸነፊያውን ከአምስት ሦስት አድርጌ ወደ ደብተራችን ልመልሰው።

በረድፍ በከፈልነው ካርታ ላይ ባቄላ በሦስቱ ክልሎች ሁለት ሁለት ትርፍ፣ በድምሩ 6 ያባክናል፤ ሽንብራ በሁለቱ ክልሎች 4፤ ልዩነቱ 2 ሲሆን ለ25 ሲካፈል 8 በመቶ ነው። በዓምድ በከፈልነው ላይ ባቄላ ምንም አላባከነም፤ ሽንብራ 10ሩንም አባክኗል፤ 40 በመቶ። በሦስተኛው ላይ ሽንብራ ያባከነው አንድ ብቻ ሲሆን ባቄላ በሦስቱ ክልሎች የተሸነፈባቸው 6 እና በታጨቀባቸው ሁለቱ የተረፉት 3፣ ጠቅላላ 9 ነው፤ ልዩነቱ 8፣ ማለትም 32 በመቶ። ሒሳቡ ይህንኑ ያህል ቀላል ነው፤ ለእውነተኛ ክልል ሲሠሩት የሚለወጠው የቁጥሩ ርዝመት ብቻ ነው።

ሌላው ቀላል መፈተኛ ክልል የሌለበትን ምርጫ ከክልል ምርጫ ጋር ማነጻጸር ነው። በዊስኮንሲን በ2018 ለገዥነት የተወዳደሩት ሪፐብሊካኑ ስኮት ዎከር በግዛቱ ጠቅላላ ድምፅ ተሸነፉ፤ ነገር ግን ድምፃቸው በምክር ቤቱ ክልሎች ሲደለደል ከ99ኙ በ63ቱ የበላይ ነበሩ። በዚያው ቀን ፓርቲያቸው ያገኘው የምክር ቤት ወንበርም 63 ነበር። ለዲሞክራት የምክር ቤት ዕጩዎች የተሰጠው ድምፅ 53 በመቶ ገደማ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል፤ ይህ ቁጥር ግን በብዙ ክልሎች ሪፐብሊካን ተፎካካሪ ባለመኖሩ ትንሽ ያበጠ ስለሆነ፣ የገዥው ምርጫ ንጽጽር ይበልጥ የሚታመን ነው። በ2024 በአዲስ ካርታ በተደረገው ምርጫ የሪፐብሊካኑ ብልጫ ወደ 54 ለ45 ወረደ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ስላለ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ያልተመጣጠነ ውጤት ሁሉ የካርታ ሠሪው ተንኮል አይደለም። በማሳቹሴትስ ከመራጩ ሲሶ የሚሆነው ሪፐብሊካን እየመረጠ እንኳ ከ1994 ምርጫ ወዲህ ወደ ኮንግረሱ የተወካዮች ምክር ቤት አንድም ሪፐብሊካን አልላከም፤ ምክንያቱም መራጮቹ በግዛቱ ውስጥ በእኩል ስለተሠራጩ፣ በዓምድ የተከፈለውን ሽንብራ ይመስል፣ መስመሩ በየትም ቢያልፍ በሁሉም ቦታ ጥቂት ናቸው። የአንድ ወገን መራጭ በከተማ ውስጥ በራሱ ፈቃድ ሲከማችም ማንም ሳያጭቀው የታጨቀ ይሆናል።

ተፈጥሯዊውን ከተሠራው ለመለየት ዛሬ የሚታመነው መንገድ በኮምፒውተር በሺህ የሚቆጠሩ ካርታዎችን ማሠራት ነው። ማሽኑ የሕዝብን እኩልነት፣ የክልሉን አለመቆራረጥና የካውንቲን አንድነት ብቻ እንዲያከብር ታዝዞ፣ ስለ ፓርቲ ምንም ሳይነገረው ካርታ ያወጣል። በሰሜን ካሮላይናው ክስ አንድ ባለሙያ 3,000 ካርታ ቢያወጣ፣ 3,000ዎቹም ከእውነተኛው ካርታ ይልቅ ቢያንስ አንድ ተጨማሪ ዲሞክራት የሚያስመርጡ ሆነው ተገኙ። ይህን በቤት ውስጥ ማድረግ ባይቻልም፣ ዴቭስ ሪዲስትሪክቲንግ በተባለው ነፃ ድረ ገጽ ላይ የግዛትዎን ካርታ ከፍተው፣ የሰው ቁጥሩንና ያለፈውን ምርጫ ውጤት እያዩ የራስዎን መስመር መሥራት ይችላሉ። ሦስት አራት የተለያዩ ካርታዎች ሠርተው ሁሉም ከመንግሥቱ ካርታ በአንድ አቅጣጫ ከራቁ፣ ለጥያቄ የሚበቃ ነገር አግኝተዋል።

እርሳሱ በማን እጅ ነው?

እኔ ከመለኪያዎቹ ሁሉ የበለጠ የምመለከተው ይህን ነው። በብዙ ግዛቶች ክልሉን የሚከልለው በዚያው ክልል የሚመረጠው ምክር ቤት ነው፤ ተመራጩ መራጩን ይመርጣል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2019፣ የሜሪላንድንና የሰሜን ካሮላይናን ጉዳዮች አንድ ላይ አይቶ፣ ለፓርቲ ማድላትን መዳኘት የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሥራ አይደለም ሲል በ5 ለ4 ወሰነ። የቀረው በር የየግዛቱ ሕገ መንግሥት ነው፤ ፔንሲልቬንያ በ2018 በራሷ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ካርታዋ ተሽሮ ለሪፐብሊካኖች 13 ለ5 የነበረው የኮንግረስ ወንበር በዚያው ዓመት ምርጫ 9 ለ9 ሆኗል።

አይዋ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ካርታውን ለምክር ቤቱ ሠራተኞች ቢሮ ትሰጣለች፤ ሠራተኞቹ ተመራጮቹ የት እንደሚኖሩም ሆነ የመራጩን የፓርቲ ምዝገባ ማየት ተከልክለዋል። ሚሺጋን በ2018 በሕዝበ ውሳኔ 4 ዲሞክራት፣ 4 ሪፐብሊካንና 5 ገለልተኛ ዜጎች ያሉበት ኮሚሽን አቋቋመች። ኮሚሽን የሚል ስም ብቻውን ግን አያጽናናዎት። ቨርጂኒያ በ2020 ያቋቋመችው 8 የምክር ቤት አባላትና 8 ዜጎች ያሉበት አካል በ2021 እኩል ለእኩል ተከፍሎ ካርታ ማውጣት አቃተው፤ ሥራው ወደ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በሁለት ባለሙያዎች ተሠራ። በ2025 ደግሞ ቴክሳስ ቆጠራ ሳይጠብቅ ለሪፐብሊካን አምስት ያህል ወንበር ለመጨመር ካርታዋን ስትለውጥ፣ ካሊፎርኒያ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ኮሚሽኗ የሠራውን ካርታ በሕዝበ ውሳኔ ለጊዜው ወደ ጎን አድርጋ ለዲሞክራት በሚያደላ ተክታዋለች።

የኢትዮጵያን ሁኔታ በዚሁ ዓይን ማየት ይቻላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ከ550 እንዳይበልጡ፣ ከነዚህም ቢያንስ 20 ወንበር ለአናሳ ብሔረሰቦች እንዲሆን፣ ምርጫውም በየምርጫ ክልሉ አብላጫ ድምፅ ባገኘ እንዲወሰን ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 103 ደግሞ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲደረግና የምርጫ ክልል ወሰንን፣ በቆጠራው ውጤትና በምርጫ ቦርድ ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት እንዲወስን ያዛል። እርሳሱ በቀጥታ በሚመረጠው ምክር ቤት እጅ አለመሆኑ መልካም ነው። ችግሩ ያለው በቁጥሩ ላይ ነው፤ የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ወደ 73.7 ሚሊዮን የነበረው ሕዝብ ለ547 ወንበር ሲካፈል አንድ ወንበር ለ135,000 ሰው ገደማ ይደርስ ነበር፤ 23 ወንበር ያላት አዲስ አበባ ደግሞ በ2.74 ሚሊዮን ሕዝቧ ከዚህ በታች፣ ለ119,000 ሰው አንድ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ከተሞች ሲሰፉ፣ ሰው ሲፈናቀልና ሲሰደድ ይህ ስሌት የት እንደደረሰ የሚያሳይ አዲስ ቆጠራ የለም። ማንም ሳይነካው መስመሩ ሰዎቹን ጥሎ ይቀራል፤ የቴኔሲን ስድሳ ዓመት ያስታውሷል።

ምስክርነት መስጠት

በአሜሪካ ካርታ ከመጽደቁ በፊት በአብዛኛው ሕዝባዊ ስብሰባ ይደረጋል። ለኮንግረስ ብቻ ሳይሆን ለካውንቲ ምክር ቤትና ለትምህርት ቦርድም ክልል ይሰመራል፤ በእኔ ግምት አንድ ማኅበረሰብ በቀላሉ ሊሰማ የሚችለው በነዚህ በትናንሾቹ ነው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ በ2020 በተሰጠ የሕዝብ ድምፅ የክልል ወንበሮቹን ከአምስት ወደ ሰባት አሳድጓል፤ ክልሉ ባነሰ ቁጥር የጥቂት ሺህ ሰው ክብደት ይጨምራል።

የሚሰጡት ቃል ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሚሆን «ማኅበረሰባችን አይከፈል» በማለት አይጨርሱት። ወሰኑን በመንገድ ስም ይናገሩ፤ ከየትኛው ጎዳና እስከ የትኛው ድልድይ፣ የትኛው የባቡር ሐዲድ በስተየት። ቀጥለው ሰዎቹን የሚያስተሳስረውን በማስረጃ ያቅርቡ፦ እሑድ የሚሞላው ቤተ ክርስቲያን ወይም ዓርብ የሚሞላው መስጊድ፣ በአማርኛ የሚያስተናግደው ክሊኒክ፣ ልጆቹ አብረው የሚማሩበት ትምህርት ቤት፣ የታክሲና የማታ ፈረቃ ሠራተኛው የሚጠቀምበት የአውቶቡስ መስመር፣ የቤት ኪራይ ጭማሪ አንድ ላይ የነካቸው ሕንፃዎች። በመጨረሻም ረቂቁ መስመር እነዚህን የት ላይ እንደሚቆርጥ በካርታ ያሳዩ፤ የእርስዎን አማራጭ መስመርና የሰው ቁጥሩ አሁንም እኩል መሆኑን አያይዘው ይስጡ። የትኛውን ፓርቲ እንደሚደግፉ አይናገሩ፤ ለጉዳዩ አይጠቅምም፣ ጆሮም ያዘጋል።

ከሳሽ የተከሳሽን መልስ ቢያውቅ ከቤቱ አይወጣም ነበር እንደሚባለው፣ መልሱን አስቀድመው ይዘጋጁበት። «እናንተን አንድ ላይ ካደረግን ጎረቤቶቻችሁን እንቆርጣለን» የሚል መልስ በብዛት ይመጣል፤ ስለዚህ ከአጎራባቹ የኤልሳልቫዶር፣ የቬትናም ወይም የጥቁር አሜሪካውያን ማኅበር ጋር ከስብሰባው በፊት ተቀምጠው፣ ሁለታችሁም የምትቀበሉት መስመር ይዛችሁ መቅረብ ከሁለት የተለያየ አቤቱታ ይሻላል። እንግሊዝኛ የሚያስቸግራቸው አዛውንቶች ካሉ አስተርጓሚ እንዲቀርብ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ቃሉን በጽሑፍም ያስገቡ፣ በኋላ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢደርስ የሚነበበው የጽሑፉ ነውና።

የሚቀጥለው የአሜሪካ ቆጠራ ቀን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 2030 ሲሆን፣ ለክለሳው የሚያስፈልገው ቁጥር በሕጉ መሠረት በአንድ ዓመት ውስጥ ለግዛቶች ይደርሳል። ረቂቅ ካርታ ከወጣ በኋላ ስብሰባ የሚጠራው ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀናት ማስታወቂያ ስለሆነ፣ የካውንቲዎንና የግዛትዎን የክለሳ አካል የኢሜይል ማስታወቂያ ዝርዝር ውስጥ እስከ 2031 መጀመሪያ ድረስ መመዝገብ፣ አሁን ያለውንም ካርታ ለማነጻጸሪያ አውርዶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።